ሳይነግሩኝ ያስታመምኋቸው አባቴ

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከገበዝ ማርያም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ላይ፣ ከአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ወንበር ዘርግተው ብዙ ዘመን አስተምረዋል። እኔ ያደግሁት የተማሪዎች ጎጆ ቤታችንን ዙሪያውን ከቦት ነው። ታላቅ ወንድሜ ገና ድምፁ ሳይጎረምስ ከተማሪዎቹ መሃል ተቀምጦ ቅኔ ቆጠረ። እኔና ታናሽ እኅቴ ከጓዳ ሆነን እንሰማ ነበር እንጂ ያስተማረን የለም። ለምን አይማሩም ያለም አልነበረም፤ ጥያቄው ራሱ አልተነሣም።

አባቴ ነገርን በቀጥታ መናገር አይሆንላቸውም። ውሃ ሲጠማቸው "ዛሬ ማድጋው ቂም ይዞብኛል መሰል" ይላሉ። እንግዳ ሲሰለቻቸው "ለመሆኑ አገራችሁ ዝናብ ጥሏል?" ብለው ይጠይቃሉ፤ እንግዳውም ብልህ ከሆነ በትሩን አንሥቶ ይሄዳል። እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን ሁሉ እየፈታች ትኖር ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ተማሪዎቹ ይፈቱላቸው ነበር።

የታመሙ ጊዜ እኔ ቡሬ ነበርሁ፤ ልብስ እሰፋለሁ። ባል ነበረኝ፣ ተለያየን፤ ልጅ አልወለድንም። በእኛ አገር እንዲህ ያለች ሴት ሥራ የላትም ተብላ ትታሰባለች። ከቤተ ሰብ ሰው ሲታመም ማን ያስታምም ተብሎ አይመከርም፤ ዐይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። እኅቴ ሊበን አግብታ ልጆቿን ታሳድጋለች። ወንድሜ ፍኖተ ሰላም የመንግሥት ሥራ አለው። እሱ ነው የደወለልኝ።

"አባየ እህል እንቢ ብሏቸዋል" አለኝ። "በይ እንግዲህ።"

"በይ እንግዲህ" ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። የጀመርሁትን ቀሚስ ጨርሼ፣ የስፌት መኪናየን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ቤቱን ቆልፌ ሄድሁ። ቅር ብሎኝም አልነበረም። አባቴን እወዳቸዋለሁ።

ስደርስ ከስተው አገኘኋቸው። የጉንጫቸው አጥንት ወጥቷል፣ ጋቢያቸው ሰፍቷቸዋል። ወንድሜ መንገድ በተከፈተ ሰሞን ባሕር ዳር ወስዶ አስመረመራቸው። እኔ ቤቱን ልለቅልቅ፣ አልጋቸውን ላስተካክል ብየ ቀረሁ። ሲመለሱ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋቸውና ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ "ምን አሏችሁ?" አልሁ።

"ጨጓራ ነው" አለ ወንድሜ። "ቁስለት። በደንብ ከበሉና መድኃኒቱን ካላቋረጡ ይሽራቸዋል ብሏል ሐኪሙ።"

አባቴን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲያ ነው ያለ" አሉ።

አባቴ ነገር ይሸፍናሉ፣ ያጣምማሉ፣ ይሰውራሉ፤ ሲዋሹ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ አመንሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራየ ማብላት ሆነ። ጠዋት አጥሚት፣ ረፋድ ላይ እርጎ፣ ቀን የሽሮ ፍትፍት አልሜ፣ ማታ ሾርባ። የነቢያት ጾም ሲገባ ወተት አልቀምስም ብለው ነበር፤ የንስሐ አባታቸውን ጠርቼ አስፈቀድሁ። አንድ ማንኪያ ሲውጡ ሌላውን አስከትላለሁ። ፊታቸውን ሲያዞሩ እኔም ዞሬ ከወዲያ በኩል እቀመጣለሁ። የዋጡትን መልሰው ሲያስወጡት አፋቸውን አጥቤ፣ ትንሽ አሳርፌ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሐኪሙ በደንብ ከበሉ ይሽራቸዋል ብሏላ።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ጠግቤያለሁ" ይሉኛል።

"ምን በልተው ነው የጠገቡት?" ብየ እቆጣለሁ። "ይችን ሦስት ማንኪያ? ድመቷ ከአንቱ ትሻላለች!"

አንድ ቀን እንዲህ ስል ሁለት ተማሪዎች ቤት ውስጥ ነበሩ። አንዱ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው ተነሥቶ ወጣ። በቁጣየ ያፈሩ መሰለኝ። ጠግቤያለሁ ማለት ዕድሜየን ጠግቤያለሁ ማለት እንደሆነ እነሱ ወዲያው ሰምተውታል። እኔ ሰሙን ይዤ ማንኪያ አነሣ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ወደ ሌላ መምህር ላኳቸው። "እስኪሻለኝ" አሉኝ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ጉልበታቸውን ሲስሙ አብዛኞቹ ያለቅሱ ነበር። "ምን ያስለቅሳችኋል? ሲሻላቸው ትመለሱ የለም ወይ!" አልኋቸው።

እንዲህም ሆኖ ጥሩ ቀን ነበረን። ጀርባቸው እንዳይቆስል እያገላበጥሁ በቅቤ አሻቸዋለሁ። ፀሐይ ሲወጣ ደግፌ ደጅ አስቀምጥና ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ፣ ጢማቸውን አስተካክላለሁ። ለፋሲካ ቡሬ እወስድዎታለሁ፣ በአስፋልቱ ዳር የሚያልፈውን መኪና እያዩ ይውላሉ እላቸዋለሁ። ይሥቃሉ። አንዳንዴ ሕመሙ ሲነሣ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ወንድሜ በየጊዜው ከፍኖተ ሰላም የሚያመጣውን ሽሮፕ እሰጣቸዋለሁ። "የጨጓራ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ብቻ ስጫቸው" ብሎኛል። በመካከሉ ሲያቃስቱ "ትንሽ ይታገሡ፣ ሰዓቱ አልደረሰም" እላቸዋለሁ። ይታገሡልኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን አባቴ "የግሽ ዓባይን ጸበል ብቀምስ ደስ ይለኝ ነበር" አሉ። ወንድሜ አጠገባቸው ነበር። "እኔ እዚህ እሆናለሁ፤ አንች ሂጅ" አለኝ። "በእምነት የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል።"

ደስ እያለኝ ሄድሁ። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር፤ ከምንጩ ስደርስ እህል ሳልቀምስ ነው። ለመንሁ፣ ተሳልሁ፤ አባቴ ከዳኑ በየዓመቱ እመጣለሁ አልሁ። ከመንገደኞች ጋር አድሬ በማግሥቱ ጸበሉን በጀሪካን አዝየ ተመለስሁ። ከቤታችን ስደርስ ግቢው ሙሉ ነው። እኅቴ ከሊበን ልጆቿን አስከትላ መጥታለች። የወንድሜ ሚስትና ልጆቹም አሉ። የንስሐ አባታቸው ሊወጡ ነው።

"ምነው፣ በደኅና?" አልሁ።

"ድንገት ናፈቁንና" አለች እኅቴ። ዐይኗ ቀልቷል። የእንጨቱ ጢስ ነው አለችኝ።

አባቴ ደክሟቸው ተኝተዋል። የልጆቹን ብዛት አይቼ፣ እንዴት ያሉ የተወደዱ አባት ናቸው ብየ እግዜርን አመሰገንሁ። ለእንግዶቹ ራት ሠራሁላቸው። አባቴንም ጸበሉን አቀመስኋቸው።

እህል ሲሰበሰብ ሽሮፑ አለቀ። ወንድሜ ለሥራ ባሕር ዳር ሄዶ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል፤ ስልክም አይሠራም። ጎረቤት አባቴ ዘንድ አስቀምጬ ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። ሐኪም ቤት ተራ ደርሶኝ የገባሁባት ነርስ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። የአባቴን ስም ስነግራት ወዲያው አወቀቻቸው።

"እርስዎ ልጃቸው ነዎት? እንዴት ናቸው? ስቃዩ ይታገሥላቸዋል?"

"በመካከል ይነሣባቸዋል። ግን በጠዋትና በማታ ብቻ ነው የምሰጣቸው።"

ደነገጠች። "ለምን? ይህ እኮ በየአራት ሰዓቱ ነው። ለወንድምዎ ነግሬዋለሁ። ስቃዩን ማስጠበቅ አያስፈልግም።"

"እንዳይጎዳቸው ብለን ነዋ። ጨጓራው ሲሽርማ…"

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ወንበሯን ወደ እኔ አቀረበች። "ምንም አልነገሩዎትም ማለት ነው" አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ከባሕር ዳር የመጣውን ወረቀታቸውን ገልጣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ካንሰር ነው። መጀመሪያ ባሕር ዳር የሄዱ ጊዜ ጉበታቸው ደርሶ ነበር። ሐኪሙም አባቴ ራሳቸው ስለጠየቁ፣ የሚድን እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። ሽሮፑ ሕመሙን ለማስታገስ ብቻ ነው።

"ምግብስ?" አልኋት። "ምግብ እሰጣቸዋለሁ እኮ። በግድ ነው የማበላቸው።"

"ከአሁን በኋላ አያስገድዷቸው፣ እትየ። ሆዳቸው አይቀበልም። ያሠቃያቸዋል።"

ጠርሙሱን ተቀብየ ወጣሁ። ከሐኪም ቤቱ አጥር ተደግፌ ስንት እንደቆምሁ አላውቅም። ያቺን ማንኪያ አሰብሁ። ፊታቸውን ሲያዞሩ ዞሬ መቀመጤን አሰብሁ። "ትንሽ ይታገሡ" ማለቴን አሰብሁ። በገዛ እጄ ሳሠቃያቸው ወንድሜ እያየ "ጎሽ፣ አብያቸው" ይለኝ ነበር።

መኪናው እስኪሞላ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። ሚስቱ ፊቴን ስታይ ምንም ሳልናገር ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ማን ነገረሽ?"

"አንች ታውቂ ነበር?"

"እኔማ ይነገራት ብየ ነበር" አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። "ያን ዕለት እንኳ፣ ሁላችንን አስቀምጠው ሲሰናበቱን፣ ሲመርቁን፣ እሷስ አልኋቸው። ወንድምሽ አንች ምን አገባሽ አለኝ።"

"የቱን ዕለት?"

ተናግራ እንዳበላሸች ያን ጊዜ ነው የታወቃት። "ግሽ ዓባይ የሄድሽ ዕለት" አለች በቀስታ።

በመኪናው መንገዱን ሙሉ አላለቀስሁም። ያን ግቢ ሙሉ ሰው፣ የእኅቴን የቀላ ዐይን፣ የሠራሁላቸውን ራት ነበር የማየው። ልጆቻቸውን ሁሉ ሰብስበው፣ የልጅ ልጅ ሳይቀር እጃቸውን ጭነው መርቀዋል። አንዷን ልጃቸውን፣ ሰውነታቸውን የምታጥበዋን፣ ጸበል ቅጅ ብለው ልከዋል።

ቤት ስደርስ ነቅተው ነበር። ጎረቤቷን አመስግኜ ሸኘኋትና መጀመሪያ ሽሮፑን ሰጠኋቸው። ሰዓቱን አልጠበቅሁም።

"ተባረኪ" አሉ። "መንገዱ ደኅና ነበር?"

"መንገዱስ ደኅና ነበር። ነርሷ ሕመምዎን ነገረችኝ።"

ዐይናቸው በሩ ላይ ነው። "እንግዲህ" አሉ፣ "ፀሐይ ሲወጣ ጤዛ አይቆይም።"

"አባየ፣ ዛሬ ቅኔ አይዝረፉብኝ" አልኋቸው። "ዕድሜ ልኬን ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ዛሬ ከፊትዎ ነኝ። በአማርኛ ይንገሩኝ።"

"ምኑን ልንገርሽ?"

"ለሁሉ ነግረው ለእኔ ለምን እንደደበቁኝ። ሁሉን መርቀው እኔን ለምን እንደሰደዱኝ።"

ትንሽ ቀና ማለት ፈለጉ፤ ደገፍኋቸው። ተናድጄም እጄ ሥራውን አልረሳም።

"የነገርኋቸው ሁሉ" አሉ፣ "ከደጅ ሲገቡ ፊታቸው ለቅሶ ቤት ነው። ወንድምሽ ዐይኔን አያይም። ቄሱ ወንጌሉን ሳይገልጡ እንባቸው ይመጣል። አንች ግን ትቆጭኛለሽ። ይብሉ፣ ይነሡ፣ ለፋሲካ ቡሬ እወስድዎታለሁ ትይኛለሽ። አንች ስትገቢ ገና ሰው ነኝ። አንችም ካወቅሽ በዚህ ቤት የሚቀረው አንድ ሬሳና አልቃሾቹ ነን።"

"እና ለእርስዎ እንዲመችዎ እኔ ልሞኝ? በግድ ሳበላዎ፣ ሆድዎ ሲቃጠል፣ ዝም ብለው ይዋጡልኝ?"

"ቻልሁት።"

"እኔ አልቻልሁትም! ማን ቻይልኝ ብሎ ጠየቀኝ?"

የቅኔ መምህሩ አባቴ፣ ለሊቃውንት ጥያቄ መልስ ያላጡት ሰው፣ ቅኔውን ተዉት። ከዚያ "ፈርቼ ነው" አሉ። "ሞትን ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

አባቴ ፈራሁ ሲሉ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ወደ ደጅ ወጣሁ። ብርዱ ገብቷል፣ ከብቶቹ ተመልሰዋል። ጥቂት ቆሜ ተመለስሁ፤ በጎናቸው የሚገለበጡበት ሰዓት ነው። እያገላበጥኋቸው "ይቅር ብየዎታለሁ" አልሁ። አፌ አለ። ልቤን አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ጠዋት ተንበርከኪ አሉኝ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ረዥም፣ ያማረ ምርቃት ነበር። ሌሎቹ ሲመረቁ አንዱ ለአንዱ አሜን ብለዋል። እኔ አሜን የሚልልኝ ሰው አልነበረም፤ ራሴው አልሁ።

ወንድሜ መንገድ ሲከፈት መጣ። ከአጥሩ ሥር አገኘሁት።

"ጋሸ፣ ለምን?" አልሁት።

ሚስቱ ነግራዋለች። "የአባት ቃል ነው" አለ። "አትንገሯት አሉኝ። እንቢ ልበላቸው?"

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ? የመድኃኒቱን ሰዓት እንኳ ለምን ዋሸኸኝ?"

"በየአራት ሰዓቱ ካልሁሽ ትጠረጥሪያለሽ።"

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። እኔ እንዳልጠረጥር ተብሎ አባታችን ሲያቃስቱ ውለው አድረዋል። ልመታው እጄን አነሣሁና ከአየር ላይ መለስሁት።

"አንችማ ታድለሽ" አለ። "እኛ በየቀኑ ስንቃጠል አንች ተስፋ ነበረሽ።"

"ተስፋ አልነበረኝም፣ ጋሸ። የነበረኝ የእናንተ ውሸት ነው።"

ከዚያ ወዲያ አብረን ብናስታምም ከሽሮፑና ከውሃው በቀር አልተነጋገርንም። አባቴ ስቃያቸው ቀለለ፤ ነርሷ እንዳለችው በየአራት ሰዓቱ እሰጣቸው ነበር። ካላማራቸው አላበላሁም። አንዳንድ ቀን ቀስ ብለው "ምነው፣ ዛሬ አትቆጭኝም?" ይሉኛል። ሞከርሁ። "ይብሉ እንጂ!" እላለሁ፤ ድምፄ ግን የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። እሱኑ ነበር የፈሩት፤ ልክ መሆናቸው ይበልጥ አናደደኝ። ሆኖም ካወቅሁ በኋላ ያወራነው ወሬ ከዚያ በፊት ካወራነው ሁሉ ይበልጣል። እናቴን እንዴት እንዳገቧት ነገሩኝ። የት መቀበር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ያም ሁሉ ጥቂት ነበር። ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ስንቱን እንጨዋወት ነበር?

ያረፉት ረፋድ ላይ ነው። ጎረቤት ገብስ እየወቃ ነበር፤ በሬዎቹን ሲነዳ ድምፁ ይሰማል። ከንፈራቸውን በርጥብ ጥጥ እያራስሁ ሳለ ትንፋሻቸው ራቀ፤ ሌላው እስኪመጣ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ዐይናቸውን ከድኜ ወንድሜን ጠራሁት።

ቀብሩ ትልቅ ነበር። ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጡ፤ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ አጥቢያው ተናወጠ። የመጣው ሁሉ እጄን እየያዘ "ታድለሽ፣ አስታመሽ ቀበርሽ" ይለኛል። አንገቴን እደፋለሁ። ከመካከላቸው ስንቱ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ፊታቸውን እያየሁ እፈልግ ነበር። ቄሱ ያውቁ ነበር። ተማሪዎቹ ያውቁ ነበር። ፍኖተ ሰላም ስወርድ አባቴን የጠበቀችልኝ ጎረቤት ታውቅ ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ሽማግሌዎች አስቀምጠው ከወንድሜ ጋር አስታረቁን። "የሙት ቃል ጠብቆ ነው፤ አይፈረድበትም" አሉ። ተነሥቼ ሳምሁት። ማንም "አንችስ ምን ተሰማሽ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ወደ ቡሬ ተመልሼ ሥራየን ጀመርሁ።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ለሥራ ሲያልፍ ቤቴ ገባ። ምሳ አቀረብሁለት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ሁለት ጎርሶ እጁን ሰበሰበና፣

"እስካሁን ቂሙ አልወጣልሽም?" አለኝ።

"እስካሁን" አልሁት።

ወጥ ጨመርሁለት፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ብለን ጠበቅን።